ዳይሬክት አታድርገው

የዚህ ወር ሦስት ደብዳቤዎች በሙሉ ስለ ነዳጅ ፓምፕ ናቸው። አልመረጥኳቸውም፤ እንዲሁ ተገጣጠሙ። የመጀመሪያው ረጅም መልስ ይፈልጋል። ሌሎቹን ባሳጥር አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። መኪናዬ የ2004 ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ነው፤ ሰማያዊ፣ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ። ቱርቦውን በትልቅ ቀየርኩት። ኢ85 (አብዛኛው ኤታኖል የሆነውን ነዳጅ) ልሞላበት ስለፈለግሁ ዋልብሮ 450 የሚባለውን ፓምፕ ገዛሁ። የፋብሪካው ሽቦ አይችለውም ስላሉኝ ከባትሪ ተነስቼ በ12 ጌጅ ሽቦ እስከ ኋላ ዘረጋሁና በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን በሚያበራ ማብሪያ) አገናኘሁት። ሪሌውን የሚያስነሱት ሁለቱ ገመዶች የድሮው ፓምፕ ሶኬት ገመዶች ናቸው። አሁን ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ እንዲሁ ሲዞር፣ ሪሌው ትርርርር ይላል፤ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ነዳጅ ስረግጥ ግን ደህና ነው። ሪሌ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ጓደኛዬ “ቁልፉ ላይ ዳይሬክት አድርገውና ተገላገል” ይለኛል፤ ኮምፒውተሩን ዘልለህ ፓምፑን በቁልፉ ብቻ አስነሳው ማለቱ ነው። ምን ይላሉ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሪሌ መግዛት አቁም። ሦስቱም ሪሌዎችህ ደህና ነበሩ። የታዘዙትን ነው ያደረጉት።

ሱባሩ በዚያ ዘመን ቱርቦ መኪናው ላይ በኮምፒውተሩና በፓምፑ መሀል አንዲት ትንሽ መቆጣጠሪያ ሳጥን አስገብቷል። የሳጥኗ ሥራ ፓምፑን በሦስት ደረጃ ማስሮጥ ነው፤ በ33 በመቶ፣ በ67 በመቶና በ100። ሚኒሞ ላይ ያለ ሞተር የሚጠጣው ትንሽ ነው። ስለዚህ ሳጥኗ ኤሌክትሪኩን በጣም በፍጥነት ታበራለች፣ ታጠፋለች። ከጠቅላላው ጊዜ የምታበራው ሲሶውን ብቻ ነው። ነዳጅ ስትረግጥ ወደ 100 ትወጣለች፤ ያን ጊዜ መቆራረጥ የለም። አንተም ስትረግጥ ደህና የሚሆንልህ ለዚህ ነው።

ፓምፑ ራሱ ሞተር ነው። ቢቆራረጥበትም ይዞራል፤ ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። ሪሌ ግን ማግኔትና ምላስ ነው። ወይ ይነክሳል፣ ወይ ይለቃል። መሀል ላይ መቆም አያውቅም። ያ የምትሰማው ትርርር ምላሱ ሲነክስ ሲለቅ ነው። በለቀቀ ቁጥር 15 አምፒር ያህል ይዞ ብልጭ ይላል፤ ብልጭታውም የምላሱን ፊት ይበላዋል። ሲብስበት ምላሱ ይጣበቃል። ተጣብቆ ከቀረ ቁልፉን ነቅለህ ቤት ገብተህ ብትተኛም ፓምፑ ይሠራል።

መፍትሔው ሁለት ነው። እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው።

ኢ85 ልትሞላ ከሆነ የመኪናውን ኮምፒውተር ማስተካከልህ የማይቀር ነው። ኢ85 ከቤንዚን ሲሶ ያህል ይበልጥ በመጠን ይፈልጋል፤ ካልተስተካከለ ሞተርህ ተርቦ ነው የሚሠራው። እንግዲህ የሚያስተካክልልህን ሰው “የፓምፑን ሦስት ደረጃዎች በሙሉ 100 አድርግልኝ” በለው። ሦስት ቁጥር መቀየር ነው። ከዚያ በኋላ በድሮዎቹ ገመዶች የሚመጣው ኤሌክትሪክ አይቆራረጥም፤ ሪሌውም ዝም ይላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑን የማጥፋት ሥልጣን በኮምፒውተሩ እጅ መቆየቱ ነው።

ዋጋም አለው። ፓምፑ ሚኒሞ ላይም በሙሉ ኃይሉ ስለሚገፋ ድምፁን ትሰማዋለህ። የተረፈው ነዳጅ እየዞረ ወደ ታንኩ ስለሚመለስ ይሞቃል። የፋብሪካው የግፊት መቆጣጠሪያ ይህን ሁሉ ነዳጅ መልሶ ማሳለፍ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ የግፊት ጌጅ ግጠም። የመቆጣጠሪያውን የቫኪዩም ጎማ ነቅለህ ሚኒሞ ላይ አንብብ። 43 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ማለትም 3 ባር፣ መሆን አለበት። 55 ወይም 60 ካሳየህ ትልቅ መቆጣጠሪያ ያስፈልግሃል። እውነቱን ልንገርህ፣ ለ2 ሊትር ሞተር በሰዓት 340 ሊትር የሚገፋው ፓምፕ ይበቃህ ነበር። አንዴ ከገዛኸው ግን ምን ይደረጋል።

ሁለተኛው መንገድ ሳጥኗን መዝለል ነው። ከሳጥኗ በፊት ኤሌክትሪክ የሚያመጣላትን ገመድ ፈልገህ ሪሌውን በሱ ማስነሳት ትችላለህ። ግን መጀመሪያ ገመዱን ፈትነው። ቴስተርህን ገመዱ ላይ አድርግ። ቁልፉን ኦን ላይ አዙር፤ ሞተሩን አታስነሳ። ቮልቱ ከመጣ በኋላ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ገመዱ በኮምፒውተሩ ትእዛዝ ያለ ነው። ካልጠፋ፣ እዚያው እንዳለ ከቆየ፣ ገመዱ የቁልፉ ነው። እሱን አትንካው። ጓደኛህ ካለው ጋር አንድ ይሆናል።

ስለ ጓደኛህ ምክር ደግሞ የምናገረው ከሰው ሰምቼ አይደለም። እኔው አድርጌዋለሁ። ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳለሁ አንድ ደንበኛ ባለ ኢንጀክሽን ኮሮላ ይዞ መጣ። ፓምፑ አይነሳም። የጎደለውን ዕቃ ተራውን ሁሉ ዞሬ አጣሁት። ሰውየው ቸኩሏል። ከቁልፉ አንድ ሽቦ ስቤ ፓምፑ ላይ ዳይሬክት አደረግኩት። መኪናው ተነሳ፤ ሰውየው መረቀኝ፤ እኔም ኮራሁ። በሦስተኛው ሳምንት አብረን ወደ ሰንዳፋ ስንሄድ አህያ ላድን ብሎ ቦይ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ጠፋ። ሁለታችንም ደህና ነን፤ ወርደን መኪናውን እያየን ቆመናል። ከኮፈኑ ሥር ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይመጣል። እኔ ራዲያተሩ ነው ብዬ ነበር። ጠጋ ስል እግሬ ሥር ያለው ውሃ አይደለም፤ ቤንዚን ነው። የነዳጁ ጎማ ተቆርጧል፤ ፓምፑ ግን ምንም አልሰማም፣ ይገፋል። ቁልፉ ኦን ላይ ነው። በመስኮት ገብቼ ቁልፉን እንዴት እንዳዞርኩት አላስታውስም። ጫማዬ ለሳምንት ይሸት ነበር። የዘረጋሁትን ሽቦ እዚያው ቦዩ ዳር ቆረጥኩት።

ያ የኮሮላ ፓምፕ ከአንተው ጋር ሲነጻጸር ሕፃን ነው። 450 ማለት ግፊት ሳይበዛበት በሰዓት 450 ሊትር ያህል ይገፋል ማለት ነው። የአንተ ታንክ የሚይዘው 60 ሊትር ነው። ጎማው ቢለቅና የሚያጠፋው ባይኖር ሙሉ ታንክ በስምንት ደቂቃ አስፋልት ላይ ነው።

አሁን ወደ ሽቦው ልመለስ። 12 ጌጅ መምረጥህ ጥሩ ነው። ሀገር ቤት ለሶኬት ከምንዘረጋው 2.5 ሚሊ ወፈር ይላል፤ 3.3 ሚሊ ካሬ ነው። ብቻ የቤት ሽቦ እንዳይሆን። የቤት ሽቦ ውስጡ አንድ ደረቅ መዳብ ነው፤ መኪና ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ ለመኪና የተሠራ ይሁን።

ለምን ወፍራም እንደሚያስፈልግ በቁጥር ላሳይህ። ከባትሪህ እስከ ፓምፑ ሽቦው የሚሄድበት መንገድ 5 ሜትር ያህል ነው እንበል። 18 ጌጅ የሚባለው ቀጭን ሽቦ ቢሆን ኖሮ 15 አምፒር ሲያልፍበት 1.5 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። 1.5 በ15 ሲባዛ 22 ዋት ተኩል ነው። የፍሬን መብራት አምፑል 21 ዋት ነው። አንድ የፍሬን አምፑል አብርተህ ምንጣፍህ ሥር እንደደበቅከው ቁጠረው። ፓምፑ ደግሞ የቀረበትን ቮልት ያህል ይደክማል። የሚደክመውም ቡስቱ፣ ማለትም ቱርቦው የሚገፋው የአየር ግፊት፣ ከፍ ብሎ ነዳጅ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ፒስተን የሚበሳው ያን ጊዜ ነው። በ12 ጌጅ ግን የሚቀረው 0.4 ቮልት ገደማ ብቻ ነው።

ይህን ከእኔ አትመን፤ ለካው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፓምፑ ክዳን ላይ ባለው ፖዘቲቭ ላይ አድርግ። ፓምፑ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ መሆን አለበት። የምታነበው ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ነው። እኔ እስከ ግማሽ ቮልት እቀበላለሁ። ከዚያ በኔጋቲቭ በኩል ድገመው፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ፓምፑ ኔጋቲቭ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፖዘቲቩን እንደ ጣት አወፍሮ ማሳውን (የኔጋቲቩን ሽቦ) በፋብሪካው ክር ይተወዋል። የሄደው 15 አምፒር በማሳው ነው የሚመለሰው። ማሳውንም 12 ጌጅ አድርገው። አጭር ይሁን፤ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ባጸዳኸው ቦታ ላይ ይታሰር።

ደብዳቤህ ውስጥ ያላየሁት ቫልቮላ ነው። እናንተ ፊውዝ ትሉታላችሁ። ካላደረግህ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ሂድና ባትሪውን ፍታ። ቫልቮላው ከባትሪው ከአንድ ስንዝር መራቅ የለበትም። ሪሌው ጋ ኋላ ካስቀመጥከው ሽቦው መሀል ላይ ቆርቆሮ ቢበላው የሚያድነው የለም። የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ፓምፑን አይደለም። ላንተ 25 አምፒር ይሆናል። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት አስገባ።

የሪሌው እግሮች ላይ የተጻፉት ቁጥሮች የጀርመን ደረጃ ናቸው። ከባትሪ የሚመጣው 30 ላይ፣ ወደ ፓምፕ የሚሄደው 87 ላይ። የሚያስነሱት 85 እና 86 ናቸው። ሪሌው ውስጡ ዳዮድ ካለበት 86 ፖዘቲቩ መሆኑን አትርሳ፤ ከገለበጥከው ዳዮዱን ታቃጥለዋለህ። 87ኤ ባዶ ይቀመጣል። ሪሌውን ስታስር እግሮቹ ወደ ታች ይሁኑ፤ ውሃ እንዳይተኛበት። መጋጠሚያዎቹን በስታኞ አትበይዳቸው። በትክክለኛ ፒንሳ ጨብጣቸው። ስታኞ የነካው ሽቦ ጫፉ ላይ ይደርቅና በንዝረት ይቆረጣል።

የመጨረሻውና እኔን የሚያስፈራኝ የፓምፑ ክዳን ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ታንኩ የሚገባው በክዳኑ ላይ ባሉ ትንንሽ የፋብሪካ እግሮች በኩል ነው። እነሱ የተሠሩት ለፋብሪካው ፓምፕ ነው። አንተ ከውጭ አውራ ጎዳና ዘርግተህ በሩ ላይ በመርፌ ቀዳዳ ታሳልፈዋለህ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ቡናማ የሆነ ክዳን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ነዳጅ በሚሞላበት ዕቃ ላይ ማለት ነው። ለትልቅ አምፒር የተሠራ ማሳለፊያ ይሸጣል፤ ግዛና ክዳኑ ላይ አስገጥም። ከክዳኑ በታች ያለው ሽቦ ደግሞ ነዳጅ ውስጥ የሚኖር ነው። ተራ ሽቦ እዚያ ውስጥ ላስቲኩ ያብጥና ይላጣል፤ ኢ85 ሲሆን ይባስ። ቴፍሎን የለበሰ ሽቦ ተጠቀም። ፓምፑን ከክዳኑ የምታገናኘው ጎማም ነዳጅ ውስጥ ለመዘፈቅ የተሠራ ይሁን። ላዩ ላይ 30አር10 ተብሎ ይጻፍበታል። 30አር7 የሚለው ለውጭ ነው፤ ርካሽ ነው ብለህ እንዳታስገባው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ በሜትር ታክሲ ነው የምተዳደረው። መኪናዬ ቪትስ ናት። ሲሞቅ ትጠፋብኝ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈች በኋላ ትነሳለች። አንድ መካኒክ ፓምፑን በቁልፉ ዳይሬክት አደረገልኝና ተሻላት። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ከላይ ያለውን የሰንዳፋ ታሪክ አንብበው። ዳይሬክት ስትሆን የተሻላት ከሆነ ግን መካኒክህ ሳያውቀው አንድ ነገር መርምሮልሃል፤ ፓምፑ ደህና ነው። ችግሩ ከፓምፑ በፊት ነው። ሪሌው ሲሞቅ ይለቅ ይሆናል፣ አለዚያ ሶኬቱ ውስጥ የተቃጠለ እግር አለ። ሪሌው ርካሽ ስለሆነ ከሱ ጀምር። ሶኬቱን ነቅለህ እግሮቹን እያቸው፤ የጠቆረ ወይም የላላ ካለ እሱ ነው። ከዚያ ሽቦውን እንደ ፋብሪካው አስመልስ። ታንኩን ደግሞ ሁልጊዜ መብራት እስኪያበራ አታድርቀው። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው ያለው ቤንዚን ነው። የነዳጅ ሰልፉን አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ሩብ ላይ ስትደርስ ሙላ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ልጄ የመኪናውን የኋላ ወንበር ነቅሎ ሳሎኔ ውስጥ ካስቀመጠው ሁለት ሳምንት አለፈው። እንግዳ ሲመጣ እዚያ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጋራዡም ቤቱም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ስጠይቀው “እማዬ፣ ሽቦ ብቻ ነው” ይለኛል። ልከልክለው? እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ።

መልስ፦ እህቴ፣ በአንድ ወር ከአንድ ከተማ ሁለት ደብዳቤ ደርሶኛል። መኪናው ሰማያዊ ነው ወይ ብዬ አልጠይቅዎትም። እርስዎም አይንገሩኝ።

አይከልክሉት። ቢከለክሉት ጓደኛው ቤት ወስዶ ይሠራዋል፤ ያ ጓደኛው ደግሞ ምክሩ ጥሩ አይደለም። ሽታው ግን የሽቦ ሽታ አይደለም። የነዳጅ ታንኩ ክዳን ክፍት ነው፣ አለዚያ ጎማው በደንብ አልገጠመም። ጋራዡ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካለ ዛሬውኑ መኪናውን ገፍታችሁ ወደ ደጅ አውጡት። ተገፍቶ ይውጣ፣ ሞተሩ አይነሳ። የቤንዚን ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያገኛል። የነቀለው አሮጌ ፓምፕ ቤት ውስጥ ካለ እሱም ወደ ውጭ። ለቤንዚን እሳት የሚሆን ማጥፊያም ይግዛ፤ ላዩ ላይ የቢ ምልክት ያለበትን። ሲሠራ አጠገቡ ይሁን። ታንኩን ከመክፈቱ በፊት ባትሪውን መፍታቱን ይጠይቁት፤ ካመነታ አልፈታም ማለት ነው።

ጨርሻለሁ ሲልዎት እርስዎ ራስዎ ይፈትኑት፤ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ኋላ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፣ ያን ጊዜ ተመልሶ ከሆነ። እሱ ቁልፉን ኦን ላይ ያዙር፤ ሞተሩን አያስነሳ። ከሥርዎ እምምም የሚል ድምፅ ይሰማሉ። በሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት አለበት። ዝም ካላለ ቁልፉን ይቀበሉትና ከላይ ያለውን መልስ እንደገና ያስነብቡት።